ዶን አንሴልሞ የሰውነቴን ስም ሲያስተምሩኝ

ሰው ሃምሳ ዓመት ሙሉ ተሸክሞት የሚዞረውን ነገር ስም አለማወቁ አይገርማችሁም? መኪናችን ፍሬኑ ሲንጫጫ፣ ራዲያተሩ ሲያፈስ፣ ለመካኒኩ አንድ በአንድ ስሙን ጠርተን እንነግረዋለን። ሐኪም ፊት ስንቀርብ ግን ቋንቋችን ሁሉ «እዚህ ጋ» ሆኖ ያርፋል። «እዚህ ጋ ይጀምረኝና እንዲህ አድርጎ ወደዚህ ይሄዳል» እንላለን፤ እጃችን ከማጅራታችን ተነሥቶ ወገባችንን ዞሮ ተረከዛችን ላይ ይደርሳል። ሐኪሙ ከመካከል የፈለገውን ይምረጥ።

በሌላው ልስቅ ብዬ አይደለም። እኔ ራሴ ሲያትል ዙሪያ አሥራ ሰባት ዓመት አዛውንቶችን በየቤታቸው ስንከባከብ ኖሬ፣ ያጠብኩትን ገላ፣ ያሸሁትን እግር፣ ያነሣሁትን ክንድ ስም ብትጠይቁኝ የምመልሰው ግማሹን ነበር። ሥራው ስም አይጠይቅማ። ጉልበት ይጠይቃል።

ስም እንደሚጠይቅ የገባኝ በእትዬ ለተብርሃን ምክንያት ነው። እትዬ ለተብርሃን ፌደራል ዌይ በምኖርበት አፓርትመንት ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ ጎረቤቴ ናቸው። አስመራ ተወልደው አዲስ አበባ ያደጉ፣ ትግርኛቸው ሲቆጡ ብቻ የሚወጣ ሴትዮ ናቸው። አንድ ቀን ሐኪም ቤት ይዣቸው ሄድኩና ነርሷ «ምን ያምዎታል?» አለቻቸው። «ጽጌ ልጄ፣ ልቤን ያቃጥለኛል በያት» አሉኝ። እኔም ታማኝ አስተርጓሚ ነኝና ሳልጨምር ሳልቀንስ «ልባቸው እየተቃጠለ ነው» አልኳት በእንግሊዝኛ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አትጠይቁኝ። ተሽከርካሪ አልጋ መጣ። ደረታቸው ላይ ሽቦ ተለጠፈ። ሦስት ሰዎች ከሦስት በር ገቡ። እትዬ ለተብርሃን ነጠላቸውን እንደያዙ ኮርኒሱን እያዩ በትግርኛ ይናገሩ ጀመር፤ እኔም የከፋ ነገር እንደሠራሁ በዚያ ዐወቅሁ። ከአራት ሰዓት ምርመራ በኋላ የመጣው ውጤት ጨጓራ ነው። ለካ እንግሊዝኛውም ልክ እንደ እኛ «ልብ» እና «ቃጠሎ» የሚል ቃል አለው፤ ሁለቱን አጣብቆ «ሃርትበርን» ብሎ ሲጠራቸው ጨጓራ ማለት ነው፤ እኔ ለያይቼ ስጠራቸው ተሽከርካሪ አልጋ ሆነ።

ወደ ቤት ስንመለስ አይ-ፋይቭ አውራ ጎዳና ላይ እስክንገባ ድረስ ነጠላቸውን ሲያስተካክሉ ቆዩ። ከዚያ ረጋ ብለው «ጽጌ፣ አንቺ ብርቱ ሴት ነሽ። ግን ጉልበትሽን ብቻ ይዘሽ ሰው ልታሳክሚ አትችይም። ወይ ተማሪ ወይ ተዪ» አሉኝ።

መተው አልወድም። በዚያው ሰሞን ነርሲንግ ለመማር ኮሌጅ ተመዘገብኩ። ልጄ ሜሮን በእንግሊዝኛ «ማሚ፣ በዚህ ዕድሜሽ ይቅርብሽ» አለችኝ፤ እኔም በአማርኛ አልሰማሁም አልኳት።

የመጀመሪያው ከባድ ትምህርት አናቶሚ ነው። አጥንት፣ ጡንቻ፣ አንጀት፣ ነርቭ፣ ሁሉም በእነ ግሪክና በእነ ላቲን ስም። እኔ ደግሞ ቸርች ውስጥ ዘማሪ ነኝ፤ ነገር በልቤ የሚገባው በዜማ ብቻ ነው። ሶ ምን አደረግሁ፣ አጥንቶቹን በሙሉ በአንድ የምስጋና መዝሙር ዜማ ሸመደድኳቸው። ከራስ ቅል እስከ እግር ጣት ድረስ በአምስት ቁጥር። ከፌደራል ዌይ ሥራ ቦታዬ ማውንትሌክ ቴራስ እስክደርስ መኪናዬ ውስጥ ሁለት ጊዜ እዘምራቸዋለሁ። ፈተናው ቀን መምህሯ አንድ አጥንት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ «ይህ ምንድን ነው?» ብላ ጻፈች። አጥንቱ ያለው አራተኛው ቁጥር ላይ ነው። ከአንደኛው ቁጥር ካልተነሣሁ አልደርስበትም። በሆዴ ዘመርኩ፤ ሦስተኛው ቁጥር ላይ ስደርስ ደቂቃው አለቀና ወደ ቀጣዩ ጠረጴዛ ተባልን። እንዲህ እያልኩ ጠረጴዛዎቹን ሁሉ ዞርኩ። ወደቅሁ።

ዶን አንሴልሞ የሚገቡት እዚህ ላይ ነው። ማውንትሌክ ቴራስ የምሠራው እሳቸው ቤት ነበር። ፔሩ ውስጥ ዕድሜ ልካቸውን ባዮሎጂ ያስተማሩ፣ ጡረታ ወጥተው ልጃቸው ሉሲያ ዘንድ የመጡ፣ ሰባ ዘጠኝ ዓመት የሆናቸው ሽማግሌ ናቸው። ስትሮክ መቷቸው ቀኝ እጃቸውንና እንግሊዝኛቸውን ይዞባቸው ሄዷል። ስፓኒሻቸው ግን ተኮላትፎም ቢሆን ቀርቷል። እኔ ደግሞ አሜሪካ እንደገባሁ ሆቴል ሳጸዳ ከሥራ ጓደኞቼ የለቃቀምኩት ስፓኒሽ አለኝ። የአንሶላና የፎጣ ስፓኒሽ ነው፤ ግን እንግባባለን።

ከፈተናው ማግስት ፊቴ ጠቁሮ ሲያዩኝ ምን ሆኑ አሉኝ። ነገርኳቸው። መጽሐፉን ያምጡ አሉ። ገለጡና በግራ እጃቸው ጣት የትከሻዬን ፊት፣ አንገት ሥር ያለውን አጥንት ነክተው «ይህስ?» አሉ። ዜማውን ጀመርኩ። ወዲያው አስቆሙኝ።

«አይዝፈኑ። ክላቪኩላ ናት። ላቲን ነው። ትንሿ ቁልፍ ማለት ነው።» እርሳስ ተቀብለው በማያውቀው ግራ እጃቸው የድሮ የበር ቁልፍ ሣሉልኝ። ጠማማ ቁልፍ ወጣች። አንገቴ ሥር ያለውን አጥንት ዳሰስኩት። እውነትም ቁልፍ።

«ይህስ?» ቅልጥሜን ጠቆሙ። አላውቅም አልኳቸው። «ቲቢያ። ዋሽንት ማለት ነው። የጥንት ሰዎች ከእንስሳ ቅልጥም ዋሽንት ይሠሩ ነበር። ጡንቻን ሙስኩሎ እንላለን፤ ትንሽ አይጥ ማለት ነው። ክንድዎን አጥፈው ይዘርጉ፤ ከቆዳዎ ሥር አይጧ ስትሮጥ ያዩዋታል።» አጠፍኩ፣ ዘረጋሁ። ሃምሳ ሁለት ዓመት ሙሉ አይጥ ይዤ ስዞር የነገረኝ አልነበረም።

እናንተም እንደ እኔ የግሪክና የላቲን ስም ሲባል ከሰማይ የወረደ የሊቃውንት ምስጢር ይመስላችሁ ይሆናል። ዶን አንሴልሞ እንዳሉኝ ከሆነ ስም ያወጡት ሰዎች ከፊታቸው የተዘረጋውን ገላ እያዩ «ይህ ምን ይመስላል?» ብለው የጠየቁ ሰዎች ናቸው። የወገብ መጨረሻ ላይ ያለችውን አጥንት አይተው የወፍ መንቁር መሰለቻቸውና በግሪክ የኩኩ ወፍ ስም አወጡላት፤ ስፓኒሽ ኮክሲስ ይላታል። የጆሮው ስስ ቆዳ ከበሮ መሰላቸው፤ ቲምፓኖ አሉት። ይህን ሲነግሩኝ «እኛም እኮ የጆሮ ታምቡር ነው የምንለው» አልኳቸው። ዶን አንሴልሞ እርሳስ ተቀብለው መጽሐፌ ላይ ከበሮ ሣሉ። ደስ ሲላቸው እንደዚያ ነው የሚሆኑት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጠዋት ቁርሳቸውን ከበሉ በኋላ አንድ ሰዓት ትምህርት ሆነ። ስፓኒሽም እንደ እኛ አንቱታ አለው፤ ኡስቴድ ይባላል፤ ዶን አንሴልሞም እንደ ጨዋ ሰው ሴኞራ እያሉ በአንቱታ ይጠሩኝ ነበር። አንድን ስም ሁለት ጊዜ ስረሳ ግን ወደ አንቺ ያወርዱኛል። በሳምንት ውስጥ ስንት ጊዜ ክብሬን አጥቼ ስንት ጊዜ እንደተመለሰልኝ እኔና እሳቸው ብቻ ነን የምናውቀው።

አንድ ጠዋት ጉበት ላይ ተጣላን። እሳቸው ኢጋዶ ይላሉ፤ መጽሐፉ ሄፓቲክ ይላል። «አንድ ነገር ስንት ስም አለው?» ብዬ ተበሳጨሁ። ሳቁብኝ። የሮም ሰዎች ዝይን በለስ እያበሉ ያደልቡና ጉበቷን ይበሉ ነበር አሉ። በለስ የበላ ጉበት፣ በለስ የበላ ጉበት ሲባል ሲባል ጉበት የሚለው ቃል ወደቀና በለሱ ብቻ ቀረ። ኢጋዶ ማለት ከሥሩ በለስ ነው። ሐኪሞቹ ግን ሲጽፉ የግሪኩን ስም ያዙ። ቤት ውስጥ የላቲን ልጅ፣ ሐኪም ቤት ግሪክ። እኔም አሰብኩና «እኛ እጅ የምንለውን ግእዙ እድ እንደሚለው ማለት ነው» አልኳቸው። ልክ ነው አሉ። ሁለት ስም ያለው ነገር ከዚያ ወዲህ አላስፈራኝም።

ጉልበትን ሮዲያ ይሉታል፤ ትንሽ መንኮራኩር ማለት ነው። እኛ ግን የጉልበት ሎሚ እንላለን ስላቸው መጽሐፌ ጠርዝ ላይ ሎሚ ሣሉና ከሥሩ «የኢትዮጵያ ሰዎች» ብለው ጻፉ። የእጅ አንጓን ሙኜካ ይሉታል፤ አሻንጉሊትም ማለት ነው። «ይህስ ከላቲን ነው ከግሪክ?» ስላቸው «ከሁለቱም አይደለም፤ ከየት እንደመጣ እኔም አላውቅ» አሉ። አላውቅም የሚል መምህር ሳገኝ የመጀመሪያዬ ነው።

እትዬ ለተብርሃን ላይ ያደረስኩትን ነገርም አጫወትኳቸው። ይስቃሉ ብዬ ነበር። አልሳቁም።

«ጎረቤትዎ ትክክል ናቸው» አሉኝ። «የጥንት ግሪኮች ካርዲያ ሲሉ ልብንም ማለታቸው ነው፣ የጨጓራን አፍም ማለታቸው ነው። እኛም ዛሬ ድረስ የጨጓራውን መግቢያ ካርዲያስ ነው የምንለው። ሕዝቡ ደግሞ ቦካ ዴል ኤስቶማጎ ይለዋል፣ የጨጓራ አፍ። ሁለቱ ጎረቤታሞች ናቸው። አንዱ ሲያመው ሌላው ይጮኻል። ሐኪም ራሱ በጆሮው ብቻ አይለያቸውም።»

ይህን ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ፈተና ላይ ይመጣል ብዬ ነው።

ዳግም የተመዘገብኩበት ሁለተኛው ዙር ትምህርት አለቀና የመጨረሻው ፈተና ቀን ደረሰ። ሰኞ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት። ሉሲያ አስቀድማ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ከሥራ መጥታ እንድትተካኝ ተነጋግረናል። ጠዋት እንደገባሁ ዶን አንሴልሞ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ፤ ልብሳቸውን በአንድ እጃቸው ራሳቸው ለብሰው፣ ቁልፉን አዛንፈው ቆልፈው። «የመጨረሻ ክለሳ» አሉ። ስጠየቅ ሳልዘፍን መለስኩ። አንድም አልሳትኩ።

አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ጥያቄያቸው መዘግየት ጀመረ። ቀና ስል ግንባራቸው ላይ ላብ አየሁ። ቤቱ አይሞቅም። ግራ እጃቸው ከፍርምባቸው ሥር ተለጥፏል።

«ምን ሆኑ?»

«ላ ቦካ ዴል ኤስቶማጎ» አሉ። «ምንም አይደለም። ይቀጥሉ።»

አልቀጠልኩም። ሉሲያ ጋ ኮል አደረግሁ። ታኮማ ነው የምትሠራው። ነገርኳት። «ጽጌ፣ ትናንት ቅባት የበዛበት ነገር በልተዋል። የጨጓራ ነው፣ ሁሌ ይሉታል። ያቺን ነጭ ኪኒን ስጪያቸው» አለችኝ። ልጅቷ አባቷን የማትወድ ሆና አይደለም። ሁሌ ይሉት የነበረ ነገር ስለሆነ ነው።

እውነቴን ልንገራችሁ። ለአንድ ደቂቃ ያህል ቆሜ አሰብኩ። ያሰብኩትም ሁሉ የሚያኮራ አይደለም። እትዬ ለተብርሃን ደረታቸው ላይ ሽቦ ተለጥፎ ትዝ አሉኝ። ዛሬም ጨጓራን ልብ ብዬ አምቡላንስ ብጠራ፣ ሉሲያ ፊት ምን ልሆን ነው አልኩ። ፈተናውም ትዝ አለኝ፤ አልዋሽም። ኪኒኑ ኩሽና ውስጥ አለ፤ ሰጥቻቸው ትንሽ ቢያርፉ፣ ሉሲያ ትመጣለች፣ እኔም እደርሳለሁ። ሁሉም ነገር ኪኒኑን ስጪ ይለኝ ነበር።

ከዚያ ያች የግሪክ ቃል መጣችብኝ። አንድ ስም፣ ሁለት ጎረቤት። የቱ እንደሚያንኳኳ በጆሮ አይለይም ብለውኝ የለም? እሳቸው ራሳቸው አሁን የጨጓራ አፍ አሉ እንጂ፣ የትኛው እንደሆነ እሳቸውስ በምን ያውቃሉ?

«ሉሲያ፣ ኪኒን አልሰጥም። ናይን ዋን ዋን ኮል ላደርግ ነው» አልኳት።

«ሴኞራ ጽጌ...» አለች።

«ተሳስቼ ከሆነ ተቆጪኝ። አሁን ግን መንዳት ጀምሪ።»

ለስልኩ ተቀባይ ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው እንደሆነ፣ ስትሮክ እንደነበረባቸው፣ ላብ እንዳላቸው፣ ሕመሙ ከፍርምባ አጥንቱ ሥር፣ የጨጓራው መግቢያ አካባቢ እንደሆነና ከልብም ሊሆን እንደሚችል በስሙ በስሙ ነገርኩት። «እዚህ ጋ» የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም። ዶን አንሴልሞ እያመማቸውም ይሰሙኛል። ስጨርስ በደከመ ድምፅ «ኤስቴርኖን» አሉ፤ የፍርምባን አጥንት ስም አነጋገሬ አልጣማቸውም።

አምቡላንሱ ቶሎ መጣ። አብሬ ሄድኩ። ሐኪም ቤቱ በስክሪን የስፓኒሽ አስተርጓሚ አቀረበ፤ ጎበዝ ሴት ናት፣ ግን የእሳቸውን የተኮላተፈ አነጋገር አልለመደችውም፤ እኔ በአንሶላ ስፓኒሼ ደግሜ እነግራታለሁ፣ እሷ አሳምራ ለሐኪሙ ትነግረዋለች። አይ-ፋይቭ ላይ አደጋ ደርሶ መንገዱ ተዘግቶ ሉሲያ አልደረሰችም። ሰባት ሰዓት ሲሆን የግድግዳውን ሰዓት አየሁት። ሌላ ነገር አላደረግሁም። አየሁት፣ ከዚያ ዶን አንሴልሞ ጫማቸው እግራቸውን ስለያዛቸው አወለቅሁላቸው።

ልብ ነበር። አንዱ የደም ሥር ተዘግቶ ነበርና በዚያው ቀን ከፈቱላቸው። ሉሲያ ስምንት ሰዓት ላይ ገባች። ሐኪሙ ሲነግራት ሰምታ ወደ እኔ መጣች፤ ትከሻዬ ላይ ራሷን ጣል አድርጋ ቆየች። እኔም ክላቪኩላዬን አመመኝ አላልኳትም።

በማግስቱ መምህሬ ዘንድ ሄድኩ። ጥሩ ሴት ናት፤ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ግን የተግባር ፈተናው አጥንቶች ተሰብስበው ተመልሰዋል፣ የጽሑፉም ደንቡ አይፈቅድም፤ የሚመጣው ተርም እንደገና ውሰጂው አለችኝ። ትንሽ ልከራከር ብዬ ነበር። ከዚያ ደንብ የሌለው ትምህርት ቤት የተማረ ሐኪም ዶን አንሴልሞን ሲከፍታቸው ታየኝና ተውኩት። ያንኑ ቀን ለሦስተኛ ጊዜ ተመዘገብኩ። ሜሮን ሰምታ በዚህ ጊዜ ይቅርብሽ አላለችም። «ልጠይቅሽ?» ብላ መጽሐፉን ተቀበለችኝ። የስፓኒሾቹን ስሞች ስታነብ ጉድ ነው የምትሠራቸው፤ ግን ታነባለች።

ዶን አንሴልሞ በሳምንቱ ቤታቸው ገቡ። ሐኪሙ ዕረፍት አዟል። ሁለተኛው ቀን ላይ ወንበራቸው ላይ አቅኑኝ ብለው ደብተሬን በግራ እጃቸው ጠቆሙ። «ልብዎን ያሳርፉ እንጂ» ስላቸው «አርቴሪያ የሚለው ቃል ከየት እንደመጣ ያውቃሉ?» አሉኝ። የጥንት ሰዎች ሬሳ ሲከፍቱ ያ የደም ሥር ባዶ ሆኖ ስላገኙት አየር የሚሄድበት መሰላቸው አሉ። «የእኔ ግን አየርም አላሳልፍ ብሎ ነበር።» ሳቅን። ከዚያም ሦስት ወር ሙሉ አንድም ጠዋት አላጎደልንም።

ሦስተኛውን ፈተና ተፈተንኩ። ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠውን ሁሉ ስሙን ጻፍኩ፣ ስሙ ከየት እንደመጣ እንኳ የሚጠይቀኝ ቢኖር ኖሮ ባስቀመጥኩለት። አለፍኩ። ጥሩ ነጥብ አመጣሁ፤ ሙሉ ግን አላገኘሁም። ዶን አንሴልሞ ደስታቸውን ትተው መጀመሪያ የጠየቁኝ «የቱን ሳትሽ?» ብለው ነው።

አፈርኩ፤ ግን ነገርኳቸው። ጥያቄው በቀላል እንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። እግር ኳስ ስትጫወት አንዱ «ሺን» ላይ ቢመታህ የሚሰበረው አጥንት የቱ ነው ይላል። ሺን ምን እንደሆነ አላወቅሁም፤ ለካ ያው ቅልጥም ነው። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ በዚህ አገር ሺን ሳሽ፣ ሺን ላይ ቅባት ስቀባ፣ ሁሉንም «ሌግ» እያልኩ ኖሬያለሁ። የላቲኑን ብጠየቅ ዋሽንቱን ጨምሬ እነግራቸው ነበር። ባዶ አድርጌ ተውኩት።

ዶን አንሴልሞ ግንባራቸውን ቋጠሩ። ስትሮኩ የወሰደባቸውን እንግሊዝኛ ሲፈልጉ ፊታቸው ላይ ይታያል።

«ሺን» አሉ በመጨረሻ። «ሺን ምንድን ነው?»